ከጓሳ እስከ ዩኒየን፦ የደጋው ገበሬ የመንፈስ ጽናት በታሪክ ዓይን

በመንዝ ደጋ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ «በሬ የለውም» አይባልም፤ መቀናጆ አለውና። የጎረቤቱን በሬ ከራሱ ጋር ጠምዶ ያርሳል፤ ጥማዱም በተራው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይዞራል። ሁለቱንም በሬዎቹን ያጣ ሰው ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ለባለ በሬው አርሞ ወይም አጭዶ በምትኩ የጥማድ ቀን ያገኛል። ሒሳቡ በወረቀት አይጻፍም፤ ነገር ግን አይረሳም። ይህን ሥርዓት ያወጀ መንግሥት የለም፤ ያስተማረ ትምህርት ቤትም የለም። ሆኖም ድርቅና በሽታ ከብቱን በጨረሱ ቁጥር ብዙ ቤተሰብ እርሻውን ጥሎ ሳይሰደድ የቆየው በዚህ ዓይነት መደጋገፍ ነው።

እንደሚታወቀው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ጠንካራ ነው ይባላል። ውርጭ አይበግረውም፣ ችግር አያንበረክከውም ተብሎ ይወደሳል። ውዳሴው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። ጽናቱን ከአየሩ ወይም ከደሙ የመጣ ያስመስለዋል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ በአንድ ክፉ ዘመን ተስፋ የቆረጠ ገበሬ ሲታይ «ሰነፍ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ማብራሪያ አይኖርም ማለት ነው። የአካባቢው ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። የገበሬው በራስ መተማመን የጨመረባቸውና የቀነሰባቸው ዘመናት አሉ፤ ልዩነቱንም ያመጣው የሰው ተፈጥሮ መለወጥ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይታወቃል። ከፍታው ብርዳማ ስለሆነ ከእህል ገብስ፣ ከጥራጥሬ ባቄላና ምስር፣ ከከብትም ይልቅ በግ ይስማማዋል። ገበሬው በመኸርም በበልግም ያመርታል። ይሁን እንጂ የበልጉ ዝናብ የማይታመን ነው። ዘግይቶ ይጥላል፣ ጀምሮ ይቆማል፣ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል። መኸሩ ቢሳካ እንኳ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ አለ፤ በአንድ ሌሊት የተንዠረገገውን ባቄላ አጥቁሮት ያድራል። ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች መሬቱን ቆራርጠውታል፤ በዚያ ጤፍና ማሽላ ይመረታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሰውን ከሰው፣ ገበያን ከገበያ ይለያል። የዚህ አገር ገበሬ ሥራውን በሚገባ ሠርቶም ምርቱን ሊያጣ ይችላል። ለመንፈስ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም፤ ልፋትና ውጤት ሲለያዩ ሰው «ብሠራስ ምን አገኛለሁ» ማለት ይጀምራልና።

የጓሳ ቄሮ

ይህን አደጋ ጥንታውያኑ እንዴት ተቋቋሙት ቢባል ከሁሉ የጎላው ምስክር ጓሳ ነው። ጓሳ በመንዝ ጌራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር እስከ 3,700 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ዛሬ የውጭ አገር ሰው የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን ጓሳን የሚያውቀው በሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ክዳኑም ከሌላው ሣር ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል። ገመድ ይገመድበታል፣ ከዝናብ የሚያስጥለው ገሳ ይሠራበታል። ማገዶም ከዚያው ይለቀማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ለእርሻ በሬ የመጨረሻ መጠባበቂያ ጓሳ ነው።

ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። (ቃሉ በሌላው የአገራችን ክፍል ሌላ ትርጉም ስላለው እንዳይምታታ።) ባለመብቶቹ ከአስቦና ከጌራ፣ ማለትም አቅኚ ከሚባሉት ሁለት አባቶች፣ የሚወለዱ ባለ አጽመ ርስቶች ናቸው። መሪያቸው አባ ቄራ ይባላል፤ የሚሾመውም በባለመብቶቹ ምርጫ ነው። በእርሱ መሪነት ጓሳ እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብትም አያሰማራም። ባለመብቱ በየተራው ይጠብቃል፤ ሕጉን የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ ሲደርስና ችግሩ ሲጠና፣ ብዙውን ጊዜ በበጋው አጋማሽ፣ ጓሳ እንዲከፈት ይወሰንና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ይነገራል። በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ማገዶው ይለቀማል፣ በመጨረሻ ከብቱ ይገባል። የዝግ ዓመታቱ ቁጥርም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል፤ ድርቅ ከበረታ ቀደም ብሎ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አምስት ዓመት ሣር እያየ ሳያጭድ የሚቀመጥ ገበሬ ምን ዓይነት እምነት ቢኖረው ነው? በመጀመሪያ ጎረቤቱም እንደማያጭድ ማመን አለበት። ቀጥሎ በተከፈተ ቀን የእርሱ ድርሻ እንደማይቀርበት ማመን አለበት። ከሁሉም በላይ ውሳኔው የእርሱና የመሰሎቹ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ አባ ቄራን የመረጡት እነርሱ ናቸውና። የጓሳን ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ዶ/ር ዘላለም ተፈራ የሥርዓቱን ዘላቂነት ከእንዲህ ያለው ማኅበረሰባዊ አወቃቀር ጋር አያይዘው አሳይተዋል። ከሥነ ልቦና አንጻር ሲታይ ደግሞ ጓሳ የሣር ባንክ ብቻ አልነበረም። በልጉ ቢቀር በሬው የሚድንበት ቦታ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለመዝራት ይደፍራል።

ስለ መንዝ ከጻፉት የውጭ ሰዎች በጣም የታወቀው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ ተቀምጦ ጥናት አድርጓል፤ «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1965 ታትሟል። ሌቪን የአማራ ገበሬ ግለኛ ነው፣ በማኅበር ተደራጅቶ የጋራ ጉዳይን የማራመድ ልማዱ ደካማ ነው የሚል አስተያየት አለው። ይህ አስተያየት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል፤ የኅብረት ሥራ ባለሙያዎችም ማኅበር በተዳከመ ቁጥር «ገበሬው ግለኛ ስለሆነ ነው» እያሉ ተጠግተውበታል። ሌቪን ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የርስት ሙግት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረበት አገር ነው። ነገር ግን በዚያው በመንዝ ጓሳ በጋራ ሲጠበቅ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ነገሩን ማስታረቅ የሚቻለው ወንፈልን በማየት ይመስላል። በወንፈል አንድ ቀን ላበደረ አንድ ቀን ይመለስለታል። የላከው ጎልማሳ ከሆነ የሚመለስለትም ጎልማሳ ነው። በደቦ ደግሞ ጠሪው ጠላና ምግብ ያዘጋጃል፤ መጪውም በልቶና ጠጥቶ፣ እያቅራራ ሠርቶ ይሄዳል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ መተባበርን አልጠላም። የጠላው ያልተቆጠረ ወይም ሌላ ሰው የቆጠረለት ትብብርን ነው። በመቶ ዓመቱ ውስጥ የደረሱት ነገሮች ይህንኑ ያረጋግጣሉ።

ውሳኔው ከእጅ ሲወጣ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። በጓሳም ቢሆን ከአስቦና ከጌራ ዘር ስላልሆነ ብቻ ከመብት ውጭ የኖረ ሰው ነበር። ቄሮ ለውስጡ ሰው መከታ ሲሆን ለውጭው ሰው አጥር ነበር። አዋጁ ሲመጣ አጥሩ ፈረሰ፤ መከታውም አብሮ ፈረሰ። ትናንት በሩ የተዘጋበት ሰው የድርሻውን ሲጠይቅ፣ የትናንቱ ባለመብት ደግሞ ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ ተሻማ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ።

የምርት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጡት በዚሁ ዘመን ነው። አንባቢያችን ዕድሜው ከገፋ መልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚሉትን ስሞች አይረሳቸውም። በየደረጃው መሬት፣ በኋላም በሬና መሣሪያ ወደ ጋራ ይገባል፤ የአባሉ ሥራ በነጥብ ተቆጥሮ ምርቱ በነጥቡ ልክ ይከፋፈላል። በወረቀት ሲታይ ከወንፈል ብዙም የራቀ አይመስልም። ልዩነቱ በወንፈል የሚቆጥረው ጎረቤት ሲሆን በማኅበሩ የሚቆጥረው ኮሚቴው መሆኑ ነው። ገበሬው ምን እንደሚዘራና ምርቱን በስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ራሱ አልነበረም። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ማኅበራቱ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬና ማረሻ ተከፋፍሎ ወደየቤቱ ገባ። በዚያኑ ሳምንት ግን እድር አልፈረሰም። ማኅበርና ሰንበቴም አልፈረሱም። እነዚህን ማንም ስላላዘዛቸው ማንም ሊለቃቸው አልፈለገም።

በመካከል 1977 ዓ.ም. አለ። የዚያ ዓመት ረሀብ ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን የሰሜን ሸዋን ደጋም አጥቅቷል። ከሦስቱ አካባቢዎች በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች በሰፈራ ተወስዷል፤ ከመንዝና ከግሼም የሄዱ አሉ። ስለ ረሀቡ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ እህሉ ነው። መነገር ያለበት ሌላም አለ። ሰፈራው መቀናጆውን በታተነው። በሬ አጣምሮ የኖረ ጎረቤት አንዱ ወለጋ ሲወርድ ሌላው ማማ ምድር ቀረ። በአዲሱ ሰፈር መሬቱ ለም ሊሆን ይችላል፤ ስንት ቀን ማን እንዳበደረና ማን እንደመለሰ የሚያስታውስ ሰው ግን አልነበረም። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ቆይተው የተመለሱት ለአገር ናፍቆት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ነገሩን ማሳነስ ነው።

በራስ መተማመን እንዴት ይገነባል

አልበርት ባንዱራ የተባለ ካናዳ ተወላጅ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» ብሎ የሚያምነው ከምን ተነስቶ እንደሆነ አብራርቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ራሱ ሞክሮ የተሳካለት ነገር ነው። ቀጥሎ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየቱ ነው። ምክርና ማበረታቻ ከእነዚህ ያነሰ ጉልበት አላቸው። ይህ ትምህርት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ መራራ ነው፤ የሥራው አብዛኛው ክፍል ምክር ነውና። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገበሬው ማሳ ላይ የሠርቶ ማሳያ መሬት እንዲኖር ያደረገው ግን ይህንኑ እውነት ተከትሎ ነው። ገበሬው ከስብሰባ ንግግር ይልቅ የጎረቤቱን ገብስ አይቶ ያምናል። ጎረቤቱ ደግሞ የተመረጠው ሀብታም በመሆኑ ከሆነ አያምንም፤ «እርሱማ ምን ይጎድለዋል» ይላልና።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመንዝ በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ሰውነት ያለው፣ ላቱ ወፍራም፣ ብርድ የሚችል ባለ ጠጉር በግ ነው። ከጠጉሩ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ባናና ዝተት የሚሠራው ከዚሁ ነው። ዝርያውን ለማሻሻል በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል ተቋቁሞ የውጭ ዝርያ ያለባቸው አውራዎች ለገበሬው ሲሠራጩ ቆይተዋል። ውጤቱ የታሰበውን ያህል አልሆነም። በሌላ በኩል ገበሬው ራሱ ሳያውቅ ዝርያውን ይጎዳ ነበር። ፈጥኖ ያደገው ወጠጤ ለበዓል ገበያ ቀድሞ ይሸጣል፣ ከመንጋው ጋር የሚቀረውና የሚያጠቃው ደካማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአገር ውስጥና በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ትብብር በመንዝ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የበግ ማሻሻያ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የበጎቹ ዕድገት ይመዘገባል፣ ወጠጤዎቹ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ምርጡን አውራ ገበሬዎቹ ከባለሙያው ጋር ሆነው ይመርጣሉ። የተመረጠው አይሸጥም፤ በተራ የጋራ መንጋን ያገለግላል። የቀረው ሰብቶ ሙክት ሆኖ ይሸጣል።

ይህን ከቄሮ ጋር ያስተያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያያል። ምርጡን ዛሬ አለመሸጥና ሣሩን ዛሬ አለማጨድ አንድ ነገር ናቸው። ሁለቱም የሚቻሉት ጎረቤትም እንዲሁ ሲያደርግ ነው። ባለሙያው የምዝገባውን ቁጥር ያቀርባል፣ ገበሬው ደግሞ ቁመናውን፣ ቀለሙንና ላቱን ይመለከታል። ፕሮግራሙ ከመንዝ አልፎ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎችም ተተክሏል። በምርምር ጽሑፎች ብዙ የሚባለው ስለ ክብደት መጨመር ነው። ዋናው ለውጥ ግን «አውራ ከመንግሥት ይመጣል» ብሎ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ አውራ መራጭ መሆኑ ነው።

ጓሳም ቢሆን ጠፍቶ አልቀረም። ከቄሮ በኋላ ማኅበረሰቡ የእድርን መልክ በያዘ አደረጃጀት ጥበቃውን እንደገና ጀመረ፤ በኋላም በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቶ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። በዚህ ጊዜ መብቱ በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ነው።

ስለ ሴፍቲኔትም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የመንዝና የግሼ ወረዳዎችም ታቅፈውበታል። ብዙ ቤት ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉ ወራትን እንዲያልፍ ረድቷል፤ በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በኤልኒኖ ምክንያት በተዛባ ጊዜ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ ይከፋ ነበር። ነገር ግን «ተረጂ» የሚለው ስም በሰው ላይ ይጣበቃል። በእርከን ሥራው ላይ ሙሉ ቀን ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው ተረጂ መባሉ የቋንቋ ስሕተት ብቻ አይደለም። በወንፈል ያው ሰው አበዳሪ ይባል ነበር።

ከእድር ወደ ዩኒየን

የኅብረት ሥራ ሕግ በአገራችን የቆየ ነው። የመጀመሪያው በ1953 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድንጋጌ ሲሆን፣ ዛሬ ያሉት ዩኒየኖች የተመሠረቱበት መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። ይህ አዋጅ ሲወጣ በደጋው ቀበሌዎች ከሁሉ የከበደው ሥራ ካፒታል ማሰባሰብ አልነበረም። «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል የሰማ ሽማግሌ በሬውን ወደ ጓሮ ይነዳ ነበር ተብሎ በቀልድ ይነገራል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ የትናንቱ ትዝታ ነው። አዋጁ አባልነት በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው፣ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ተይዞ የቀረው ለአባላት እንዲከፋፈል ደንግጓል። ለመንዝ ገበሬ ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጠባበቂያው እንደ ጓሳ ነው፣ ክፍፍሉ እንደ ወንፈል ነው፣ ምርጫው እንደ አባ ቄራ ነው። ቃሉ በዚህ መንገድ ከተነገረበት ቦታ ማኅበሩ ቶሎ ቆመ። የማዳበሪያ ማከፋፈያ ብቻ ሆኖ በቀረበበት ቦታ ግን ገበሬው ማኅበሩን እንደ ሌላ የመንግሥት መጋዘን ቆጠረው፤ ማዳበሪያውን ወስዶ ጠቅላላ ጉባኤውን ይቀራል። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማይገኝ አባል ግለኛ ስለሆነ አይደለም። ሊወሰን የሚችል ነገር እንዳለ ስለማያምን ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ከወላጆቹ ካልተካፈለ በቀር የራሱ ማሳ የለውም። ማሳ ስለሌለው ማዳበሪያ አይወስድም፣ ማዳበሪያ ስለማይወስድ በብዙ መሠረታዊ ማኅበራት አባል የመሆን ምክንያት አይታየውም። ስለዚህ በአጨዳ ወቅት በቀን ሥራ ይሰማራል፣ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ወንፈል የለውም፤ ቀኑን የሚሸጠው እንጂ የሚያበድረው ሰው የለም። በራሳቸው ስም የማይመዘገቡ፣ በቤት ውስጥ ባናውን የሚፈትሉ ሴቶችም ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ለእነዚህ ሰዎች ከማሳ ሌላ መግቢያ በር ሊሆን የሚችለው በጉ ነው። ሁለት ሴት በግ ያለው ወጣት በአውራ ተጠቃሚ ቡድን ውስጥ ቢገባ የሚመርጠውም የሚመረጥለትም ነገር ይኖረዋል። ጠጉሩን በጋራ የሚሸጡ ፈታዮችም እንደዚሁ። ለበጉ ግን ግጦሽ ያስፈልገዋል፤ የወል ግጦሹን ማን ዘግቶ ማን እንደሚከፍተው የሚወሰነው ደግሞ በየቀበሌው ስብሰባ ነው። ወጣቱ በዚያ ስብሰባ ላይ መቀመጫ ይኖረው ወይስ አይኖረው የሚለው ጥያቄ ከአስቦና ከጌራ ዘመን ጀምሮ በዚህ ደጋ ሲጠየቅ የኖረ ነው።